ዙበይርን ናይልን ያሻገረው ተወኩል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ሰሞን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ተደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። እኛ የምዕራብ ጎንደር ልጆች ደግሞ ከሌላው በበለጠ እንጠይቀዋለን፦ "ወደ ቤት ልሂድ ወይስ ልቅር? መንገዱን ከፈራሁ ተወኩሌ ጎደለ ማለት ነው?" አንዱ "የተጻፈልህ አይቀርልህም፣ ዝም ብለህ ሂድ" ይላል። ሌላው "አገሩ እንዲህ ሆኖ ትምህርት ምን ይሠራል" ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። የሚገርመው ሁለቱም ማስረጃ አድርገው የሚያነሱት ቀደርን ነው።

ጭንቀቱ የፈጠራ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ረመዷን ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ሕፃን ያዘሉ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ይገቡ ጀመር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት የተነሳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ከካርቱም ሸሽተው ኩመርና አውላላ መጠለያ የገቡት ሱዳናውያን እዚያም የታጠቁ ሰዎች ጥቃት ደረሰባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ከአውላላ ወጥተው መንገድ ዳር የሰፈሩ ነበሩ። ከጦርነት ሸሽቶ ሌላ ግጭት ውስጥ ለገባ ሰው "አላህ ላይ ተመካ" ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከማለታችን በፊት ትርጉሙን እንወቅ።

በዚችው በሐበሻ ምድር፣ አገር በታወከበት ጊዜ፣ ሙስሊሞች ምን እንዳደረጉ የምትነግረን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናት። በመጀመሪያዎቹ የነቢይነት ዓመታት የመካን በደል ሸሽተው ከተሰደዱት አንዷ ነበረች። በነጃሺ ጥላ ሥር በሰላም ተቀምጠው ሳለ አንድ ሰው ንግሥናውን ሊነጥቅ ተነሳበት። ኡሙ ሰለማ ያን ቀን የተሰማንን የሚያህል ሐዘን ቀምሰን አናውቅም ትላለች፤ ያ ሰው ካሸነፈ ነጃሺ ያወቀልንን መብት የማያውቅ ይመጣብናል ብለው ፈርተው ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ለዲናቸው ሲሉ አገራቸውን ጥለው የወጡ ሰሐቦች ናቸው። እነሱ ከተጨነቁ፣ እናቱ ስልክ ባላነሳች ቁጥር ሆዱ የሚባባ ተማሪ ተወኩል የለውም ብሎ መፍረድ ከየት የመጣ ነው?

ነጃሺ ዘመተ፤ በሙስሊሞቹና በጦር ሜዳው መካከል የናይል ወንዝ ነበር። ሰሐቦች ሄዶ ውጊያውን አይቶ ወሬውን የሚያመጣልን ማን ነው ተባባሉ። እኔ ያለው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም ነበር፤ በዕድሜ ከትንንሾቹ አንዱ፣ የእኛው እኩያ ማለት ነው። የውሃ ስልቻ ነፍተው ሰጡት፤ በደረቱ ሥር አድርጎ እየዋኘ ተሻገረ። የቀሩት አላህ ነጃሺን ድል እንዲሰጠውና በአገሩ ላይ እንዲያጸናው ዱዓ ማድረግ ያዙ። በኋላም ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ፣ እየሮጠ ነጃሺ ማሸነፉን አበሰራቸው። (የእኛ ጓንግም ሱዳን ገብቶ አትባራ ተብሎ መጨረሻው ናይል ነው፤ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ ስልቻ ይታየኛል።)

ስልቻው ሰበብ ነው፤ ዱዓው ተወኩል ነው ብሎ መክፈል ግን ልክ አይመስለኝም። ስልቻውን የነፋው እጅና ለዱዓ የተዘረጋው እጅ የአንድ ልብ ነበሩ። ውጤቱ የአላህ መሆኑን ያወቀ ልብ እጁን ለሥራ ነፃ ያወጣል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ግመሉን ስለማሰር የጠየቀውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ አዘውታል።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ አንሷሮችን አማከሩ፤ ሁለቱም ሐሳባቸው ተከፋፈለ። የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ግን ተመለሱ አሏቸው፤ ዑመርም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር ሽሽት ነውን ብለው ሲጠይቋቸው ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው አሉ፤ ግመሉን በደረቁ ዳገትም በለምለሙም ያሰማራ ሰው ሁለቱንም በቀደር እንዳደረገው አስረዱ። የእኛ አገር ከብት አርቢ በበጋ ከብቱን ወደ ወንዝ ዳር ሲያወርድ ከቀደር አመለጠ የሚለው የለም። እኛም ሲቪል ኢንጂነሪንግ ክፍል ውስጥ ለድልድይ ሴፍቲ ፋክተር ስናሰላ ማንም በኢማናችን አይጠረጥረንም።

ስለዚህ ከጎንደር በአይከል ወደ ገንዳ ውሃ ከመነሳትህ በፊት ሹፌሮችን ጠይቅ፤ መንገዱ ላይ ያሉ ዘመዶችህን ጠይቅ፤ ወላጆችህን ጠይቅ። ቅር ካሉህ ቅር። ዒድን ዶርም ውስጥ ማሳለፍ ይከብዳል፣ ግን የኢማን ጉድለት አይደለም።

ሰዎቹ ዙበይርን የላኩት በዓይኑ አይቶ እንዲመጣ መሆኑንም ልብ እንበል። በሱረቱ ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ) የሰላምም ሆነ የሥጋት ወሬ ሲደርሳቸው ሳያጣሩ የሚነዙትን ይወቅሳል። ሌሊት በቴሌግራም የደረሰህን "እገሌ ከተማ ተያዘ" የሚል መልእክት ለዶርም ሁሉ ስታስተላልፍ፣ አንዲት የዚያ ከተማ ልጅ እስኪነጋ እንዳታንቀላፋ አድርገሃል። ይህንን ከሐሜት ባልተናነሰ ልንፈራው ይገባል።

ደብተሩን ለዘጋው ወንድማችንም አንድ ነገር አለኝ። የወፎቹን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አላህ የሚመግባቸው ወፎች ግን ጠዋት ተርበው ከጎጆ የወጡት ናቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ ተመካሁ የምንልበትን ዱዓ ያስተማሩን ከቤት ስንወጣ እንድንለው ነው። የመተማና የቋራ ገበሬ ምርቱ ገበያ ይድረስ አይድረስ ሳያውቅ ክረምት ሲገባ ሰሊጡን ይዘራል።

በጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ የሚመሩት ስደተኞች ከነጃሺ ድል በኋላም ወዲያው አልተመለሱም። መዲና የደረሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተችበት ወቅት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ መቼ እንደሚመለሱ ሳያውቁ በሰው አገር ኖሩ፤ ሶላታቸውን ሰገዱ፤ ጎጆ አቀኑ፤ ልጅ ወለዱ። የጃዕፈርና የአስማእ ቢንት ዑመይስ ልጅ ዐብዱላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ነው።