«ስደት» በሁለት ትርጉሙ፦ በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ ለተገደሉ ክርስቲያኖች የግብፅና የኢትዮጵያ መንግሥታት የሰጡት ምላሽ

መንግሥታት በውጭ አገር በክርስቲያኖች ላይ ለሚፈጸም ግፍ የሚሰጡት ምላሽ ሲጠና ሚዛኑ ወደ ምዕራባውያን ያደላል። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1998 ያጸደቀው የዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነጻነት ሕግና የብሪታንያ የሕዝብ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 አይኤስ በሶርያና በኢራቅ የፈጸመውን ግፍ ዘር ማጥፋት ሲል በ278 ድምፅ ያለ ተቃውሞ ያሳለፈው ውሳኔ የተለመዱ ምሳሌዎች ናቸው። በሁለቱም የሚነገረው ስለ ሌላ አገር ዜጎች ነው። የተገደሉት የራሱ ዜጎች የሆኑበት መንግሥት የሚሰጠው ምላሽ ግን የተለየ ጠባይ አለው። በ2007 ዓ.ም. በሁለት ወር ልዩነት በሊቢያ የተፈጸሙት ግድያዎች ይህን ለማነጻጸር ያመቻሉ፤ ገዳዩ አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ሟቾቹም በአብዛኛው እንጀራ ፍለጋ የወጡ ወጣቶች ነበሩና።

የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም. አይኤስ በባሕር ዳርቻ 21 ሰዎችን ሲያርድ የሚያሳይ ምስል አሰራጨ። 20ዎቹ ግብፃውያን ኮፕቶች ሲሆኑ ብዙዎቹ ከሚንያ ግዛት፣ በተለይም አል-ዑር ከተባለች መንደር የሄዱ ነበሩ። ሚያዝያ 11 ቀን፣ በዕለተ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ኢትዮጵያውያን በሁለት ቡድን ተከፍለው የተገደሉበት ሌላ ምስል ወጣ።

የግብፅ ምላሽ ፈጣን ነበር። ፕሬዚዳንት ዐብዱልፈታሕ አል-ሲሲ የሰባት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጁ፤ በማግስቱ የግብፅ የጦር አውሮፕላኖች ደርና የተባለችውን የሊቢያ ከተማ ደበደቡ። ግብፃውያኑ የታገቱት ግን ከደርና በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በሲርት ነበር። ስለዚህ ድብደባው ገዳዮቹን ለመቅጣት ብቻ የታሰበ አይመስልም፤ መንግሥቱ ለአገሩ ሕዝብ፣ በተለይም ለኮፕቶች፣ ያስተላለፈው መልእክት ጭምር ነበር። ፕሬዚዳንቱ ወደ ካቴድራሉ ሄደው ለፓትርያርክ ታዋድሮስ ዳግማዊ ሐዘናቸውን ገለጹ፤ በአል-ዑርም የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አዘዙ። ሰዎቹ ከታገቱ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ቤተሰቦቻቸው መንግሥት ዝም አለን ብለው ካይሮ ላይ ድምፃቸውን ማሰማታቸው በዚህ ሁሉ መካከል ተዘነጋ።

ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። ግንባታውን የተቃወሙ የመንደሩ ሰዎች ሁከት ስላስነሡ ቦታው ወደ መንደሩ መግቢያ ተዛወረ፤ የተከፈተውም በ2010 ዓ.ም. ነው። ድንበር ተሻግሮ ለኮፕቶች ደም ቦምብ የጣለ መንግሥት በገዛ መንደሩ ለእነርሱ መታሰቢያ መሬት ለመስጠት መደራደር ነበረበት። ስሙ «የእምነትና የአገር ሰማዕታት» መባሉ ደግሞ ሃይማኖቱንና ዜግነቱን በአንድ ሐረግ አሰረ።

በኢትዮጵያ በኩል የመጀመሪያው እርምጃ ማጣራት ነበር። መንግሥት በሊቢያ ኤምባሲ ስላልነበረው የሟቾቹን ዜግነት ለማረጋገጥ የካይሮውን ኤምባሲ መጠየቅ ግድ ሆነበት። ዜግነታቸው ሲረጋገጥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሚያዝያ 14 ቀን በመስቀል አደባባይ የተጠራው ሰልፍ በሰልፈኞችና በፖሊስ ግጭት ተቋጨ። ከሟቾቹ መካከል የአዲስ አበባው የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ስለነበሩበት ሐዘኑ ከመግለጫ ቀድሞ በየድንኳኑ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ የቃሉ ሁለት ትርጉም ጉዳዩን ይገልጠዋል። በአማርኛ «ስደት» ስለ እምነት መሳደድም፣ አገር ጥሎ መውጣትም ነው። ምእመናን ሟቾቹን በመጀመሪያው ትርጉም ሰማዕታት ብለው ተቀበሏቸው። መንግሥት በበኩሉ ነገሩን በአንድ ወገን የሽብር ድርጊት፣ በሌላ ወገን የሕገ ወጥ ጉዞ መዘዝ አድርጎ አቀረበው፤ በዚያው ዓመት የወጣው የሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውርና የስደተኞች ማሻገር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 909/2007ም በሁለተኛው ትርጉም ላይ ያተኮረ ነው። ለዚህ ምርጫ ምክንያት አይታጣለትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ በሚኖርበት አገርም ግድያውን የሃይማኖት ጠብ አድርጎ መናገር አደጋ አለው። ይሁን እንጂ ገዳዮቹ ሰዎቹን የመረጧቸው በክርስትናቸው እንጂ በጉዞ ሰነዳቸው አልነበረም፤ ጉዞውን ቀዳሚ ያደረገ መግለጫ ከጥፋቱ ከፊሉን በሟቹ ላይ የጣለ ይመስላል። የሐዘንተኛው ቁጣ ወደ መንግሥት የዞረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሚያዝያ 29 ቀን ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በሊቢያ ተይዘው የነበሩ 27 ያህል ኢትዮጵያውያን በግብፅ ርዳታ ተለቀው ካይሮ ሲገቡ ፕሬዚዳንት ሲሲ ራሳቸው በአውሮፕላን ማረፊያ ተቀበሏቸው። ስለ ሕዳሴ ግድብ የመርሆዎች ስምምነት በካርቱም ከተፈረመ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። የአቀባበሉን ትርጉም ከሃይማኖት ወዳጅነት ይልቅ በዓባይ ዲፕሎማሲ መፈለግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው ግን የአፅሞቹ ጉዳይ ነው። የግብፃውያኑ አፅም በሲርት አቅራቢያ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገኝቶ በዲኤንኤ ምርመራ ከተለየ በኋላ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ወደ አገሩ ተመለሰ። ከእነርሱ ጋር የተገደለው ሃያ አንደኛው ሰው፣ ጋናዊ እንደነበር የሚነገረው፣ በአስከሬኑ ስም የሚጠይቅ መንግሥት ስላልነበረው በሊቢያ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወደ ግብፅ ተወስዶ ከባልንጀሮቹ ጋር እንዲያርፍ የሆነው ኮፕቶች እንደ ራሳቸው ሰማዕት ስለቆጠሩት ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የሊቢያ ባለሥልጣናት በሲርት አካባቢ የ34 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች አፅም ያለበት የጅምላ መቃብር ማግኘታቸውን አስታወቁ። የዲኤንኤ ምርመራ የሚሠራው የአፅሙ ናሙና ከዘመድ ናሙና ጋር ሲነጻጸር ነው፤ በደላላ እጅ፣ በበረሃ አቋርጦ የወጣ ሰው ግን የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር መዝገብ በየትኛውም ቆንስላ የለውም።