የፀሐይ ኃይል መብራት ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች

የተሻሻለ ዝርያ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ያስፈልጋታል። በአገራችን የቀን ብርሃን 12 ሰዓት ያህል ስለሆነ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ቀበሌ ጉድለቱ በፀሐይ ኃይል ሊሟላ ይችላል።

1. ለ20 ዶሮዎች ቤት ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ አምፖል፣ ባለ 10 ዋት ሶላር ፓኔል፣ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪና የባትሪ ኃይል መቆጣጠሪያ ይበቃል።

2. መብራቱ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየተጨመረ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት እንዲበራ ይደረግ። ማታ በርቶ ድንገት ቢጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ይጨልምባቸዋል።

3. 18 ሳምንት ላልሞላቸው ቄቦች አይብራ፤ ሰውነታቸው ሳይጠነክር መጣል ይጀምራሉ።

4. የተጀመረ መብራት አይቋረጥ፤ ቢቋረጥ ዶሮዎቹ ላባቸውን ሊያረግፉና መጣል ሊያቆሙ ይችላሉ።

ማሳሰቢያ፦ መብራት መኖን አይተካም። የልማት ሠራተኛው ማኅበሩ ለመሣሪያው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መኖና ውሃ መሟላታቸውን ያረጋግጥ።