ጡረታና ጤንነት
ስለ ብስክሌት፣ ስለ ቴአትርና ስለ ወዳጅ

ሠላሳና ዐርባ ዓመት ሙሉ በማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው የሄደ ሰው ጡረታ በወጣ ጊዜ ዕረፍት መሻቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዕረፍት ማለት ከወንበር አለመነሣት፣ ከደጅ አለመውጣትና ከሰው አለመገናኘት የሆነ እንደ ሆነ፣ ጤንነትን ይጐዳል እንጂ አይጠብቅም። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ከዚያም በኋላ ብዙዎች ረጅም ዘመን ስለሚኖሩ፣ ያ ዘመን እንዴት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት፣ በባሕር ዳር ከተማ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህርና ባለቤታቸው አሉ እንበል። መምህሩ ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ዓመት ኑሯቸው ከመኝታ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኝታ ሆነ። የሚያነጋግሩትም ሰው ከባለቤታቸው በቀር አልነበረም። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ደረጃ መውጣት ያደክማቸው፣ በትንሹም በትልቁም ይቈጡ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ቀርበው በተመረመሩ ጊዜም የደማቸው ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙም መድኃኒት ካዘዘላቸው በኋላ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አጥብቆ መከራቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው፣ «ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤት ነው እንጂ ከእግርዎ አይደለም» ብለው፣ በዕቃ ቤት አቧራ የለበሱትን ሁለት ብስክሌቶች አስወጡ።

1ኛ/ ስለ ብስክሌት።
እንደ ባሕር ዳር ያለ ሜዳማ ከተማ ለብስክሌት የተመቸ ነው። ብስክሌት በሚነዳበት ጊዜ የሰውነት ክብደት የሚያርፈው በኮርቻው ላይ ስለ ሆነ፣ ጉልበት ብዙ ሳይጨነቅ የጭን ጡንቻ ይሠራል፤ ልብና ሳንባም ይበረታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ጐልማሶችም አዛውንቶችም በየሳምንቱ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን የሚነዳ ሰው ዝቅተኛውን መጠን ይሞላል ማለት ነው። እንቅስቃሴው መካከለኛ መሆኑ የሚታወቀው፣ ሰውየው እየነዳ መነጋገር ሲችል፣ መዝፈን ግን ሲያቅተው ነው።

በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት ብስክሌት ሲነዱ የኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆነ 125 ሰዎች ተመርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ተገለጸው፣ በሽታን የሚከላከለው የሰውነታቸው ኀይል ስፖርት ከማይሠሩ እኩዮቻቸው በብዙ ረገድ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ሮቤር ማርሻን የተባሉ ፈረንሳዊም እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ105 ዓመታቸው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነድተዋል። እንዲህ ያለው ብርታት ለጥቂቶች የተሰጠ ቢሆንም፣ ሰውነት በሽምግልና ዘመንም ልምምድን እንደሚቀበል ያስረዳል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ የኖረ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይመርምረው። ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ ጉልበት በጥቂቱ ታጥፎ እንዲቀር ኮርቻው ይስተካከል፤ ፍሬኑም ይፈተሽ። የራስ መከላከያ ቆብ ማድረግና መኪና የሚበዛበትን መንገድ መተው ይገባል። ደረት ቢያም ወይም ራስ ቢዞር ወዲያው መቆምና ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ደግሞም ብስክሌት ብቻውን አጥንትን ስለማያጠነክርና ከመውደቅም ስለማያድን፣ በእግር መጓዝን፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትንና መቀመጥን መጨመር መልካም ነው።

2ኛ/ ስለ ቴአትር።
ቴአትር የሚመለከት ሰው ታሪኩን ይከተላል፤ የቀደመውን ከኋለኛው ያያይዛል፤ ይስቃል፤ ያዝናል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስም ከባልንጀራው ጋር ይከራከራል። ይህ ሁሉ ለአእምሮ ሥራ ነው። በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች ለ14 ዓመት ያህል ሲጠኑ ቆይተው፣ በየጥቂት ወሩ ወደ ቴአትር፣ ወደ ሙዚቃ አዳራሽ ወይም ወደ ሙዚየም ይሄዱ ከነበሩት መካከል የሞቱት፣ ከቶ ከማይሄዱት ይልቅ ያነሱ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ይህ ግን ቴአትር ሞትን ይከለክላል ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ከታማሚ ይልቅ ከቤት መውጣት እንደሚቀለውም ማስታወስ ይገባል።

አዛውንት ቴአትር ማየት «ሰለቸኝ» ቢል፣ ቤተ ሰቡ ጆሮውን ያስመርምር። ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ጨዋታው አልሰማ ስላለው ነው። ካልታከመ የመስማት ድካም ሰውን ከባልንጀራ ይለያል፤ የማስታወስ ኀይልን ለሚያጠፋ ሕመምም ያጋልጣል።

3ኛ/ ስለ ወዳጅ።
መምህሩና ባለቤታቸው አብረው ብስክሌት ቢነዱ፣ አብረውም ቴአትር ቢያዩ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን እርስ በርሳቸው መዋደዳቸው ብቻ አይበቃም። ከባልና ከሚስት አንደኛው ቀድሞ መሞቱ አይቀርምና፣ ሌላ ወዳጅ የሌለው ሰው የትዳር ጓደኛውን በቀበረ ዕለት የሚያነጋግረውን ሁሉ አብሮ ይቀብራል። ስለዚህ መምህሩ ዓርብ ዓርብ ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ዳማ ቢጫወቱ፣ ባለቤታቸውም በዚያው ቀን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቡና ቢጠጡ፣ ይህ መለያየት ሳይሆን ለመጪው ቀን ስንቅ መያዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን የሚመለከቱ 148 ጥናቶች በአንድነት ተመርምረው፣ ከሰው ጋር የጠበቀ ግንኙነት ያላቸው በሕይወት የመቈየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ ያህል የበለጠ መሆኑ ታውቋል። እኛ ዕድርና ማኅበር ስላለን በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን። ነገር ግን ብዙዎቻችን ወዳጆቻችንን የምናገኘው በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ብቻ ሆኗል። ወዳጅን በደኅና ቀን መጠየቅ ይሻላል።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጡረታ ከመድረሱ በፊት እግርን ማለማመድ፣ ጆሮንና የደም ግፊትን ማስመርመር፣ የተራራቀ ወዳጅንም መፈለግ ያስፈልጋል። መምህራንም ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ፣ እያንዳንዱ ልጅ አያቱን ከቤት ይዞ እንዲወጣ ቢያሳስቡ ፍሬው ወዲያው ይታያል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች፤
1/ አንድ ሰው የሚያደርገው እንቅስቃሴ መካከለኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?
2/ በብስክሌት ላይ በእግር መጓዝ መጨመር የሚያስፈልገው ስለ ምንድር ነው?
3/ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወዳጅ ሊኖራቸው የሚገባው ለምንድር ነው?
4/ በሠፈራችሁ ከቤት መውጣት ያቆመ አዛውንት አለን? ምክንያቱስ ተጠይቋልን?