የጎተራ መሰላልና መተላለፊያ አሠራር

ውድ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ እህል የምታወጡበት መሰላል ለአይጥም መንገድ ይሆናል። ስለዚህ የጎተራችሁን መውጫና መተላለፊያ እንደሚከተለው አዘጋጁ።

1. ጎተራው ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ባሉ እግሮች ላይ ይቁም። በየእግሩ ዙሪያ፣ ከወለሉ ሥር፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ቆርቆሮ አልብሱ፤ አይጥ ጥፍሯን መትከል አትችልም።
2. መሰላሉ ተነቃይ ይሁን። ሥራ ስትጨርሱ አንሱት፤ ተደግፎ ካደረ ቆርቆሮው ከንቱ ነው።
3. ሸክም የያዘ ሰው እንዳይወድቅ መርገጫዎቹ እኩል ይራራቁ፤ የላላውን አጥብቁ።
4. በጎተራውና በቤቱ ግድግዳ መካከል 2 ሜትር መተላለፊያ ተዉ። እንጨትም ሆነ ገለባ አትከምሩበት፤ ወደ ጎተራው የተጠጋ የዛፍ ቅርንጫፍ ቁረጡ።

በቅድሚያ በራሳችሁ ጎተራ ሠርታችሁ ለጎረቤቶቻችሁ አሳዩ።