እንገርና የግልገል የመጀመሪያ ቀን

ጥያቄ፦ በጓሮ የምትረባ ፍየል መንታ ወልዳ አንደኛው ግልገል ደክሞ መጥባት ቢያቅተው ምን ሊደረግ ይገባል?

መልስ፦ ከሁሉ የሚቀድመው እንገር፣ ማለትም እናቲቱ እንደወለደች የምትሰጠው ወፍራምና ቢጫማ ወተት ነው። የፍየል የእንግዴ ልጅ በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችን ከእናቲቱ ደም ወደ ፅንሱ ስለማያሳልፍ ግልገሉ እነዚህን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ሲሆን፣ አንጀቱ እነርሱን የመቀበል ችሎታው ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ በ24 ሰዓት ገደማ ያበቃል። ስለዚህ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል እንገር በጥቂት በጥቂቱ ሊያገኝ፣ የመጀመሪያውንም በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊወስድ ይገባል። ይሁንና ሰውነቱ የቀዘቀዘ ግልገል የጠባውን መፍጨት ስለማይችል አስቀድሞ እንዲደርቅና እንዲሞቅ ይደረጋል፤ ከዚያ የታለበው እንገር በጡጦ ይሰጠዋል። ጨርሶ መጥባት ላቃተው ግልገል ወተት በአፉ ማንቆርቆር ግን ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድለው ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በቀጭን ቱቦ ሊመግበው ይችላል።

እትብቱ አዮዲን ውስጥ ይነከራል። ለእናቲቱ ለብ ያለ ውኃና ጥሩ ድርቆሽ ይቀርብላታል፤ የእንግዴ ልጁ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሳይጎተት ባለሙያ ይጠራል።