ቅቤው አናቴ ላይ፣ ዕዳው ትከሻዬ ላይ

እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ባሌ ስለ መስቀል ማውራት ጀምሯል፤ እኔን ደግሞ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሳሪስ ነው፤ ወላጆቼ ከመንዝ የመጡ ናቸው። ባሌ ጉራጌ ነው፣ የእምድብር አካባቢ ልጅ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር መርካቶ ውስጥ የአንሶላና የብርድ ልብስ ሱቅ አላቸው። ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው። በእነዚህ ዓመታት አገር ቤት ሳልሄድ የቀረሁት አንድ መስቀል ብቻ ነው፤ እሱንም አራስ ስለነበርኩ።

እውነቱን ልናገር፣ መስቀልን እወደዋለሁ። ወልቂጤን አልፈን ቤቶቹ በጀፎረው፣ በመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈው እንሰቱ ከኋላቸው ሲታየኝ፣ የባሌ ፊት ሲበራ፣ ልጆቼ ጫማቸውን ጥለው ከአጎታቸው ልጆች ጋር ሲሮጡ ደስ ይለኛል። ማታ ሽማግሌዎቹ እሳቱ ዳር ሆነው ሲመርቁ ቋንቋውን በቅጡ ሳልሰማ እንኳ ዓይኔ እንባ ያቀራል። አማቴ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ታደርግልኛለች። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እየቀለጠ አንገቴ ላይ ሲወርድ “ሰው ይሸተው ይሆን?” ብዬ እሳቀቃለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ስታጠበው ደግሞ ቅር ይለኛል።

ግን እትዬ፣ ባለፈው መስቀል የበሬው ድርሻችን ብቻ 40 ሺህ ብር ነበር። ለአማቴ ቀሚስና ነጠላ፣ ለባሌ አባት ጋቢ፣ ለዘመድ ልጆች ሁሉ ልብስ፣ ቡና፣ ስኳር፣ መሳፈሪያ፤ ሲደመር 85 ሺህ አለፈ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም በዚያው ሰሞን ነው። ባሌ ተበድሮ ሄድን፤ ዕዳው ያለቀው ለፋሲካ ነው። እዚያ ስንደርስ ወንዶቹ ያርዱና ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ቆጮ ስከትፍ፣ ጎመን ስቀቅል፣ ጣባ ሳጥብ ሦስት ቀን ጭስ ውስጥ እከርማለሁ። የባሌ ታላቅ ወንድም ሚስት የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ኑሮዋ እንደ እኛ አዲስ አበባ ነው። “ይቺ የሸገር ምራት ዘንድሮም ቢላ አያያዝ አልለመደችም” ትላለች፤ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ባለፈው ዓመት ጓሮ ሄጄ ሳለቅስ አማቴ አየችኝ፤ ምንም ሳትል ጓዳ አስገብታ አልጋዋ ላይ አስተኛችኝ። በማግስቱ ግን ያው ነበር።

የመጪውን መስቀል መቅረት አማረኝ። ትንሹ ልጄ ሳል ስለሚነሳበት “ታሞብኛል” ብዬ እዚሁ ብቀር ይፈረድብኛል? ይህን ሳስብ ደግሞ አፍራለሁ። የሚወዱትን በዓል የሚጠላ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሁለት ልብ የሆነችው፣ ከሳሪስ

*

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ መልሱ አጭር ነው። የሚወዱትን በዓል የሚጠላ ሰው ማለት ጓዳ ገብቶ የሠራ ሰው ነው። ፋሲካን ከነሽንኩርቱ እወዳለሁ የምትል ሴት አጋጥማኝ አታውቅም። ሽንኩርቱን የሚወደው ወጡ ሲቀርብለት ከመቀመጫው የማይነሳው ነው።

ወደ ሰበቡ ልሂድ፣ እሱ ያስፈራኛልና። የልጅን ሕመም አፍሽ ላይ አታምጪው። ክፉ ነገር ይጠራል ብዬ አይደለም፤ እሱንም እናቴ ብትሰማ ትለዋለች። እኔን ያስፈራኝ አማትሽ ናት። ከደብዳቤሽ እንደተረዳኋት የልጅ ልጇ ታሟል ከተባለች የበዓሏን ክትፎ ጥላ፣ ማር በጠርሙስ ይዛ የመጀመሪያውን መኪና የምትሳፈር ሴት ትመስለኛለች። በር ስትከፍቺ ልጅሽ ኳስ ሲያንከባልል ታገኘዋለች። እኔም አንድ ፋሲካ “ወገቤን አሞኛል” ብዬ እናቴ ቤት ሳልሄድ ቀርቻለሁ። ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ፤ ስለ መተኛቴ ዛሬም አይጸጽተኝም። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ወገቤን ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ! መቅረት ካለብሽ “ዘንድሮ ገንዘብ የለንም” ብለሽ ቅሪ፤ እውነትም ነው፣ ነውርም የለበትም።

ምክሬን ከጠየቅሽኝ ግን ሂጂ። ለምን እንደምልሽ ላስረዳ።

ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ያለፍሽው ነገር አለ። አማትሽ ጓሮ ስታለቅሺ አይታ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ አልጋዋ ላይ አስተኝታሻለች። መቼ? ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ፣ ክትፎው በሚቀርብበት፣ እያንዳንዱ እጅ በሚፈለግበት ሰዓት። እሷ ምራት ሆና በገባችበት ዘመን እንዲህ አልጋዋን የለቀቀላት ሰው ነበር? እንጃ። በማግስቱ “ያው ነበር” ማለትሽ እውነት ነው፤ አንዲት አሮጊት ብቻዋን የአገር ልማድ አትለውጥም። ግን ለ9 ዓመት የአንዷን ፌዝ የቤተሰቡ ሁሉ ድምፅ አድርገሽ የሰማሽው መስሎኛል። የቤቱ ባለቤት ድምፅ ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ዝም ብሎ።

ያቺ ሴት ለመስቀል መዘጋጀት የምትጀምረው ባልሽ ነሐሴ ላይ ማውራት ሲጀምር አይደለም። ቅቤው ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ነው። በጉራጌ ሴቶች የቅቤ እቁብ እንዳላቸው ባልሽ ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም፤ እያንዳንዷ ትንሽ ትንሹን እያዋጣች፣ ተራው የደረሳት ተጠራቅሞ ይደርሳታል። ቆጮውማ እንሰቱ ተተክሎ፣ ለዓመታት አድጎ፣ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ከርሞ ነው ካንቺ ቢላ ስር የደረሰው። ይህን የምልሽ “ያንቺ ሦስት ቀን ምን አላት” ለማለት አይደለም፤ ሦስት ቀን ጭስ ሦስት ቀን ጭስ ነው። ዩኔስኮ መስቀልን በ2006 ዓ.ም. በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ የምራቶችን ወገብ ግን ማንም አልመዘገበም። የምልሽ፣ አማትሽ ድካምሽን የምታውቀው ከራሷ ወገብ ተነስታ ነው።

አሁን ወደ ባልሽ። ጉራጌ ለመስቀል ለምን እንደሚሄድ ሳሪስ ሆኖ ማስላት ይከብዳል። መርካቶ ላይ ባልሽ ዓመቱን ሙሉ “ባለ አንሶላው” ነው። እዚያ ግን የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ ነው፤ ስሙ ከነአባቱ የሚጠራበት ቦታ ያ ብቻ ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ ጉራጌዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ እስከ ማሠራት ደርሰዋል። ሙስሊሙ ጉራጌም ለአረፋ እንዲሁ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። የተጣላ የሚታረቀው፣ የተቀያየመ ይቅር የሚባባለው ከበዓሉ በፊት ነው። ስለዚህ ባልሽ ተበድሮ ሲሄድ ለሥጋ ብቻ የተበደረ አይምሰልሽ።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን፣ ለመጠራት ሲባል መበደር አልወድም። እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ።

85 ሺህ ብር! ከመስከረም እስከ ፋሲካ የቤታችሁን ሰላም የበላው እሱ ነው፤ በዓሉን አትውቀሺው። እኔ የምጠረጥረውን ልንገርሽ። ያ በሬ ያን ያህል የሚያክለው ለአፍ ተብሎ አይመስለኝም። ሁለት ወንድማማቾች ከመርካቶ መጥተው የሰባ ሰንጋ ካላረዱ ጎረቤት ምን ይላል ተብሎ ነው። የተከተፈ ቀይ ሥጋ በቅቤና በሚጥሚጣ ከታሸ በኋላ በሬው ስንት እንደተገዛ ምላስ አያውቅም። በእርዱ ዋዜማ፣ በደንጌሳት ማታ፣ የሚበላው ጎመን ክትፎ ደግሞ በሬ ጭራሽ አይጠይቅም፤ ስንቱ ከሥጋው አስበልጦ ይወደዋል!

ታዲያ በሬው ይነስ ብለሽ ለባልሽ ብቻ ብትነግሪው የትም አትደርሺም፤ ወንድሙን ያፍራል። ወንድሙም እሱን ያፍራል። መንገዱ በሌላ በኩል ነው፤ እንዳትቆጪ እንጂ። አንድ ቅዳሜ ቡና አፍዪና ያችን በቢላሽ የምትቀልደውን ሴት ጥሪያት። አዎ፣ እሷን! እስቲ አስቢው፤ ባሎቻችሁ የሚበሉት ከአንድ ሱቅ ነው። የናንተ ኪስ እስከ ፋሲካ ድረስ ከተራቆተ የነሱ ሞልቶ አይከርምም። ልጆቿም መስከረም ላይ ይመዘገባሉ። እሷም ምራት ናት፤ ያው ጭስ ውስጥ ናት፤ የአገሩ ልጅ በመሆኗ ደግሞ “ደከመኝ” ለማለት ካንቺ ይልቅ ይከብዳታል። የሚያስቅ ቀልድ አምጥታ የምትተርፈው እሷም ሌላ መሸሸጊያ ስለሌላት ሊሆን ይችላል። አልሳሳትም ብዬ አልምልም፤ ክፉም ልትሆን ትችላለች። ያኔ ያጣሽው አንድ ጀበና ቡና ነው።

ስትመጣ ስለ ቀልዷ አታንሺ። በቀጥታ ስለ ብሩ አንሺ፦ “እኛ አምና ተበድረን ነው የሄድነው፤ እናንተስ?” በያት። ይህን ጥያቄ ከሁለታችሁ አንዷ ካልጠየቀች ወንዶቹ እርስ በርሳቸው አይጠያየቁም። ሁለታችሁ በየቤታችሁ አንድ ቃል ከተናገራችሁ በሬው በራሱ ጊዜ ይቀንሳል።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበልሽ። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከበሬው በፊት ይከፈል፤ ደረሰኙ እጅሽ ሳይገባ ከብት ተራ መሄድ የለም። የአማትሽ ነጠላና የአባትየው ጋቢ አይነካ። ለዘመድ ልጆች ከልብስ ይልቅ ደብተርና እስክርቢቶ ግዢ፤ ወሩ የትምህርት ነው፣ ማንም አይከፋም። ከበዓሉ ማግስት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ አንድ የመስቀል እቁብ ግቡ። ወጪያችሁን ወደ 60 ሺህ ካወረዳችሁት ለ10 ወር በየወሩ 6 ሺህ ነው፤ በየወሩ ሲከፈል ይሰማል፣ ነገር ግን ዕዳ አይደለም። ደግሞ ለባልሽ አዲስ ነገር አይሆንበትም። እናቱ በቅቤ የምታደርገውን እሱ በብር ያድርገው።

ስለ ሥራው አንድ ነገር ብቻ። አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ገብቶ የሚበላውን ክትፎ የሚከትፍለት አብዛኛውን ጊዜ ወንድ መሆኑን ለባልሽ አስታውሺው። መስከረም 15፣ በእርዱ ቀን በወኸምያ፣ ካረዱ በኋላ ቢላውን ሳያስቀምጥ አንድ ሰዓት እንዲከትፍ ጠይቂው። የምትጠይቂውም ሰው ፊት ሳይሆን ቤታችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ነው። ሊስቅ ይችላል። ሁለተኛ ጠይቂው።

የወንድሙ ሚስት እንደገና “ቢላ አያያዝ” ስትል አብረሽ አትሳቂ። ቢላውን አቀብያትና “እንግዲያው አሳዪኝ፣ እኔ እስክለምደው አንቺ ክተፊልኝ” በያት። አማትሽ ያኔ ምን እንደምታደርግ ለማየት እኔም እዚያ ብሆን ደስ ባለኝ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም በሚቀጥለው ዓመት መቅረት ካሰኘሽ፣ ቅሪ። ባልሽና ልጆቹ ይሂዱ፤ አንቺ ለአማትሽ ራስሽ ደውለሽ “ዘንድሮ ልረፍ” በያት። አልጋዋን የሰጠችሽ ሴት ይህን ቃል አትስተውም።

ቅቤውን በተመለከተ፦ ሻሽ ከውስጥ አጥብቀሽ እሰሪ፣ ነጠላውን ከላይ ጣል አድርጊ። ሽታው ግን አይሳቅቅሽ፤ ከመስቀል መልስ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አጠገብሽ የምትቀመጠዋም ቅቤ ተቀብታ ነው የምትሳፈረው።