አማና የሆነ መሬት፣ ሐቅ የሆነ ውርስ
(የጁምዓ ትምህርት ከአንዲት የሱማትራ መንደር)

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ውርስ ነው። ትምህርቱን የምንወስደው ከሩቅ ሀገር፣ ከኢንዶኔዥያ ገጠር ነው። የዚያ ገጠር ዑለማእ የተጨነቁበት ጥያቄ በየቤታችን ያለ ጥያቄ ነውና በትዕግሥት እናንብበው።

በምዕራብ ሱማትራ፣ ማኒንጃው በሚባል ሐይቅ ዳር ሱንጋይ ባታንግ የምትባል መንደር አለች። ሐይቁ የጥንት እሳተ ገሞራ በተወው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። ከቡኪቲንጊ ከተማ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ወደ ሐይቁ የሚወርደው 44 ጊዜ በሚታጠፍ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ከታች የሩዝ ማሳውና መስጂዱ ይታያል። ነዋሪዎቹ ሚናንግካባው የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። ሙስሊሞች ናቸው፤ ሆኖም ዘራቸውን የሚቆጥሩት በእናት በኩል ነው።

የዚህን ነገር ትርጉም ለመረዳት ንብረታቸውን እንይ። የአባት አያቶች ሳይሆን የእናት አያቶች ያቀኑት የሩዝ ማሳና ትልቁ የቤተሰብ ቤት የእናት ወገን የጋራ ንብረት ነው። ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። የሚጠብቀው ደግሞ የእናት ወንድም፣ አጎት ነው። አጎትየው ይጠብቃል እንጂ የራሴ ነው ብሎ አይሸጥም። በባህላቸው ይህ መሬት በመያዣ እንኳ የሚሰጠው በአራት ችግር ብቻ ነው፦ ቤት ውስጥ ሬሳ ተኝቶ የሚቀበርበት ሲጠፋ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የምትዳርበት ሲታጣ፣ ትልቁ ቤት ሲያፈስና የወገኑ አለቃ ሞቶ ሌላ መሾም ሲያስፈልግ።

በዚህ ውስጥ መልካም ነገር አለ። ባሏ የሞተባት ወይም የተፈታች ሴት ሜዳ ላይ አትወድቅም። ቤቱ የእሷ ነው፤ ማሳውም ያበላታል።

ወንዱስ? በድሮው ልማድ ወንድ ልጅ ከፍ ሲል በእናቱ ቤት የራሱ መኝታ ክፍል አይኖረውም። ማታ ማታ የሚያድረው ሱራው በሚሉት የጸሎትና የቂርኣት ቤት ነው። እዚያ ቁርኣን ይቀራል፣ ከእኩዮቹና ከመንገደኞች ጋር ያድራል። ሲጎለምስ ደግሞ ሀገሩን ትቶ ይወጣል። ይህን መውጣት መራንታው ይሉታል። ዕውቀት ወይም ሪዝቅ ፍለጋ ሄዶ፣ ሰው ሆኖ መመለስ ማለት ነው። ዛሬ በኢንዶኔዥያ ከተሞች ሁሉ የሚገኙት የፓዳንግ ምግብ ቤቶች የእነዚህ ተጓዦች ሥራ ናቸው። ለዒድ ሲሆን ብዙዎቹ ተሰባስበው ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ሀገር ለሀገር ዞሮ፣ ለፍቶ ያገኘው ገንዘብ ሲሞት የማን ነው? በቀደመው ልማድ እሱም ወደ እናት ወገን ይገባና የእህቱ ልጆች ይወስዱት ነበር። ከአብራኩ የወጡት ልጆች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። አላህ (ሱ.ወ.) ደግሞ በሱረቱ ኒሳእ ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ንብረት፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም የተወሰነ ድርሻ እንዳለ ነግሮናል።

ይህን አይተው ዝም ያላሉት ከዚያው ምድር የወጡ ታላቅ ዓሊም ናቸው። ሸይኽ አሕመድ ኸጢብ እ.ኤ.አ. በ1860 በሚናንግካባው ምድር ተወለዱ። ወደ መካ ሄደው በመስጂደል ሐራም የሻፊዒዮች ኢማምና ኸጢብ እስከ መሆን ደረሱ፤ በ1916ም እዚያው አረፉ። ልጆች እያሉ የእህት ልጅ የሚወርስበትን ልማድ በጽሑፍ አጥብቀው ተቃወሙ። ልጆችን ከሐቃቸው መንቀል የሰው ንብረት መቀማት ነው አሉ። በዘመድ ላይ እንዲህ መናገር ከባድ ነው፤ እሳቸው ግን ተናገሩት።

ከደረሶቻቸው አንዱ ሸይኽ ዐብዱልከሪም አምሩላህ የሱንጋይ ባታንግ ልጅ ነበሩ። ሐጂ ረሱል በመባል ይታወቃሉ። በ1894 ገና ልጅ ሳሉ ወደ መካ ሄደው ቀሩ፤ ከዚያም ተመለሱ። እሳቸው ጉዳዩን ለሁለት ከፈሉት። ሰው በሕይወቱ ለፍቶ ያገኘው ንብረት ያለ ምንም ክርክር በፈራኢድ ይከፈላል። ከጥንት ጀምሮ የጋራ የሆነው፣ ማንም የኔ ነው የማይለው መሬት ግን እንደ ወቅፍ ነው አሉ። ማስረጃቸው የሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬት ነበር። ዑመር ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አማክረው መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ አድርገው ፍሬውን ለድሆች፣ ለዘመድና ለመንገደኛ አዋሉት።

በ1952 ዑለማእና የባህል አለቆች ቡኪቲንጊ ላይ ተሰብስበው በዚሁ መንገድ ተስማሙ፤ የጥንቱ የጋራ መሬት በባህሉ፣ ሰው ለፍቶ ያገኘው ደግሞ በፈራኢድ። የሐጂ ረሱል ልጅ፣ ተፍሲር አል-አዝሃርን የጻፉት ታዋቂው ሐምካም በ1908 የተወለዱት በዚያች መንደር ነው። እሳቸው በ1930ዎቹ በጻፉት አንድ ልቦለድ፣ ስለ ቤተሰብ መሬት በተነሳ ጠብ አንድ ሰው አጎቱን ይገድላል። ልጁም የአባቱ ሀገር ሰዎች እንደ ባዕድ የሚያዩት ሆኖ ይቀራል። የውርስ ጠብ ምን እንደሚያመጣ ለሕዝባቸው ያሳዩት እንዲህ ነበር።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

በሱማትራ ከውርስ የተገፋው የሟቹ ልጅ ነበር። በብዙ የእኛ ገጠሮች ደግሞ የምትገፋው እህት ናት። ድርሻዋን ስትጠይቅ ወንድሟን እንደ ጠላች ይቆጠርባታል። ባህል የሚጎዳው ሰው ከሀገር ሀገር ይለያያል፤ የአላህ ሕግ ግን እዚያም የወንዱን ልጅ፣ እዚህም የሴቷን ልጅ ሐቅ ይጠብቃል።

"የአባታችን ቤት ነው፣ አይከፈልም፣ የሁላችንም ነው" የሚል ወንድም ራሱን ይጠይቅ። በእርግጥ አባትህ ወቅፍ አድርጎታል? ኪራዩን ሁሉም ያገኛል ወይስ አንተ ብቻ? እህትህ ነገ ብትቸገር ገብታ ማደር ትችላለች? መልሱ "አይ" ከሆነ በእጅህ ያለው አማና አይደለም፤ የሰው ሐቅ ነው። የሱማትራው አጎት እንኳ የማይሸጠው መሬት ለእህቱ ልጆች መብያ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ጁምዓ ጀምሮ እነዚህን እናድርግ፦

1. የሞተ ሰው ካለን፣ ከቀብሩ ወጪ በኋላ ዕዳው ይከፈል፣ ኑዛዜውም ከሲሶ ሳያልፍ ይፈጸም፣ የቀረው ለወራሾች ይከፋፈል። ማዘግየት ሐቁን ያጠፋል፤ ምስክሮች ይሞታሉ፣ ልጆችም ይጣላሉ።

2. በስደት ያላችሁ፣ ለቤት መሥሪያ ወይም ለመሬት ገንዘብ ስትልኩ ስጦታ ይሁን ብድር፣ ወይስ የራሳችሁ ንብረት፣ በጽሑፍና በምስክር አስቀምጡት። በቃል የቀረ ነገር ወንድማማቾችን ስንት ጊዜ አጣልቷል!

3. የጋራ እንዲሆን የምትፈልጉት ንብረት ካለ፣ በሕይወት ሳላችሁ ዓሊም ጠይቃችሁ በግልጽ ወቅፍ አድርጉት።

4. እህታችሁ ድርሻዋን "ተውኩት" ካለች፣ ከልቧ ነው ወይስ ዘመድ እንዳይቆጣት ፈርታ? መጀመሪያ ድርሻዋን በእጇ ስጧት፤ ከዚያ ብትመልስ የራሷ ምርጫ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዱንያ ላይ እንደ መንገደኛ እንድንሆን መክረውናል። የማኒንጃው ልጆች ይህን በእግራቸው ያውቁታል፤ ማሳው እዚያው ይቀራል፣ ሰው ግን ይወጣል። እኛም እንወጣለን። የሌላውን ሐቅ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ጉዞው ከባድ ነው።

አላህ ከሰው ሐቅ ነፃ ሆነን የምንገናኘው ያድርገን። ድርሻቸው የተያዘባቸውን ሐቃቸውን ያስመልስላቸው። በውርስ የተጣሉ ወንድሞችንና እህቶችን ያስታርቅ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።